ማኅተሙ የእናንተው ነው
ለወረዳችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከማዕድ ማጋራት ዝርዝር ስለተሰረዙ የትምህርት ቤታችን ቤተሰቦች (ለአምስተኛ ጊዜ)

ክቡር ኃላፊ፣

ከዚህ በፊት ያስገባናቸው አራት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ደርሰው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከቁጥሩ በቀር ሌላ የተሰጣቸው ነገር የለም። አንድ ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላ ጊዜ «ከላይ የወረደ መመሪያ የለም»፣ በመጨረሻም «እናንተ የግል ናችሁ» ተባልን። ስለዚህ አምስተኛውን ሰው ሁሉ እያየው ጻፍነው።

ነገሩን ያውቁታል፤ ለአንባቢ ስንል ግን እንደግመዋለን። ባለፈው ሚያዝያ፣ ኮሮና በገባ ሰሞን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ለማዕድ ማጋራት፣ ማለትም ለችግረኛ ምግብ ለማደል፣ ከካቶሊክ ትምህርት ቤታችን የችግረኛ ተማሪዎችን ቤተሰቦች ዝርዝር ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነበር። የማን እናት ጀበና ቡና ስትሸጥ ቆይታ እንደተነሣች፣ የማን አባት የታክሲ ረዳት እንደሆነና ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ከሥራ እንደቀረ፣ የትኛዋ ተመላላሽ የቤት ሠራተኛ «በሽታ ታመጪብናለሽ» ተብላ እንደተሰናበተች ከክፍል ኃላፊ መምህር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩን በሦስት ቀን አዘጋጅተን አስረከብን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤተሰቦቹ ዱቄትና ዘይት ሊቀበሉ ሲሄዱ በስማቸው ላይ መስመር ተሰምሮበት አገኙት። የተሰጣቸው ምክንያት «ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ችግረኛ አይደለም» የሚል ነው። ማንን ማገዝ እንዳለበት እንዲያውቅ የሰጠነውን ዝርዝር ጽሕፈት ቤትዎ ማንን መሰረዝ እንዳለበት ለማወቅ ተጠቀመበት። ይህን ያሰበው ባለሙያ ማን እንደሆነ ባናውቅም ጊዜ ቆጣቢነቱን እናደንቃለን። ቤት ለቤት መዞር አላስፈለገውም።

የሚያንገበግበን ግን ሌላው ነው። በትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ በነጻ ወይም በግማሽ ክፍያ እንዲማር ቤተሰቡ ከሚያቀርባቸው ወረቀቶች ዋናው አቅም እንደሌለው የሚያረጋግጥ የወረዳ ደብዳቤ ነው። ክብ ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ ያለው። ማኅተሙ የእናንተ ነው። በመስከረም «ይህ ቤተሰብ መክፈል አይችልም» ብሎ የጻፈልን ጽሕፈት ቤት በሚያዝያ «ይህ ቤተሰብ የደላው ነው» ብሎ ሰረዘው። በመካከሉ የተለወጠው ነገር ወረርሽኝ መግባቱ ብቻ ነው። ደብዳቤዎቹ በተማሪዎቹ ማኅደር ውስጥ ስላሉ በፈለጉት ቀን መጥተው ማየት ይችላሉ። አራት ጊዜ ጋብዘንዎታል።

«የግል» የሚለውን ቃልም እንየው። የሚሽን ትምህርት ቤት የመንግሥት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ባለቤቱ ትርፍ እንደማይወስድም እንዲሁ። የሚሰበሰበው ክፍያ ለመምህራን ደሞዝ፣ ለውሃና ለመብራት፣ ለጠመኔና ለወረቀት ይውላል፤ የጎደለውን ቤተክርስቲያኗ ትሞላለች። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ካቶሊክ አይደሉም። የኦርቶዶክስና የሙስሊም ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የሚማሩበት ግቢ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በሚያዝያ 2012 የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ሲወስን ትምህርት ቤታችን ሳያንገራግር 50ውን ያዘ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሠራተኛ ማሰናበትን ሲከለክል አንድም ሰው አላሰናበተም። ገቢው በግማሽ ወርዶ ወጪው እንዳለ ቀረ ማለት ነው። ግዴታ ሲመጣ የግል ነን። ሳሙና ሲታደልም የግል ነን። በየትኛው በር ብንገባ የዚህች ከተማ ልጆች እንደምንሆን ይንገሩን።

ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ጀምሮ በሩ ሲዘጋ ምን እንደተሠራ በደብዳቤዎቻችን ዘርዝረን ነበር። ስላልተነበበ እዚህ እንደግመዋለን፤ ምናልባት ለሌላ ትምህርት ቤት ይጠቅማል።

መጀመሪያ የመጣው የስልክ ጥሪ ነው። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ ሁሉንም ቤት ይደውላል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥሪው በቀን ነበርና ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይሳካ ቀረ። በብዙ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ጠዋት ከአባት ጋር ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ጥሪው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሆነ። የሚጠየቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የታመመ አለ? ዛሬ ምን ተበላ? የቤት ኪራይ ስንት ወር ቀረ? «ደህና ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምን እንደተበላ ሲጠየቅ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ቀጥሎ ምግብ መጣ። በአገራችን የእርዳታ አሠራር የተለመደው የወር መስፈርት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት እህሉ ብቻ 75 ኪሎ ይሆናል። ይህን የሚችል ትምህርት ቤት የለም። ስለዚህ ስሌቱ በቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ በተማሪ ሆነ፦ ለአንድ ልጅ በየአሥራ አምስት ቀኑ 5 ኪሎ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ሊትር ዘይትና ሁለት የልብስ ሳሙና። ሁለት ልጅ ያለው ሁለት ድርሻ ይወስዳል። ሲጀመር ሁዳዴ ስለነበር፣ ፋሲካ ሚያዝያ 11 ውሎ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ረመዳን ስለገባ፣ በጥቅሉ ውስጥ ማንም የማይበላው ነገር እንዳይኖር ታስቦበታል።

በመጀመሪያው ዙር ስህተት ተሠራ። ዱቄት ሰጠን፤ ማብሰያ ግን አልሰጠንም። ከሰል መግዣ ያጡ ሰዎች የዱቄቱን እኩሌታ ጉልት ወስደው ሸጡት። «እርዳታውን ቸረቸሩት» ብሎ ማማት ቀላል ነበር። እኛ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የዱቄቱን ሁለት ኪሎ በበሶ ተካነው። በሶ ውሃና ማንኪያ እንጂ እሳት አይፈልግም።

ዘይቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በግማሽ ሊትር ሲታደል 40 ድርሻ አይወጣውም፤ በማንቆርቆሪያውና በጀሪካኑ ግድግዳ ላይ የሚቀረው ሲቀነስ 38 ወይም 39 ነው። በ40 የተመዘገበ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ሁለት እናቶችን ባዶ እጃቸውን ያሰልፋል። የሚረጋው የፓልም ዘይት በክረምት ጠዋት አልቀዳ ስለሚል ጀሪካኑን ቀድሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም ያስፈልጋል። ዕቃ ይዘው ከመጡት ውስጥ የበረኪና ጠርሙስ ያመጡ ነበሩ። እሱን መመለስ ግድ ነው፤ ታጥቦም ቢሆን ዘይት አይቀዳበትም። በረኪናንም ለየቤቱ አላደልንም፤ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ሕፃን አለ። በግቢው ውስጥ ብቻ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለበር እጀታ፣ ባለ 5 በመቶውን አንድ እጅ ከ49 እጅ ውሃ ጋር እየቀላቀልን በየቀኑ አዲስ አዘጋጅተን ተጠቀምን። ያደረው ይደክማል።

እደላው በክፍል ነበር። በግማሽ ሰዓት አሥር ቤተሰብ፣ በኖራ በተሠመሩ ክቦች ላይ፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ልዩነት። ባለ ቧንቧው በርሜል በሩ ላይ ቆሟል። በአንድ እስክሪብቶ መቶ ሰው እንዳይፈርም መምህሩ ስሙን እየጠራ፣ ከወላጆች የተመረጡ ሁለት ምስክሮች እያዩ ምልክት ያደርጋል። የገባው በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22 ዓይነት ቅጽ ተመዝግቧል። ይህን የምንጠቅሰው ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣ አንድ ባለሙያ እደላውን «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ብሎ ለአንድ ሙሉ ቀን ስላስቆመው ነው። በዚያው ቀን ካሜራ የተጠራበት የማዕድ ማጋራት ሥነ ሥርዓት በወረዳው አዳራሽ ፊት ለፊት ነበር። ስንት ሰው እንደነበረና በመካከላቸው ስንት እርምጃ እንደነበር ፎቶው ይናገራል።

ትምህርቱን አጠር እናድርገው። በራዲዮና በቴሌግራም የሚሰጠው ትምህርት ራዲዮና ስማርት ስልክ ላለው ጥሩ ነበር። ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ ግን ቴሌግራም የነበረውም ባዶ ቀረ። የማይቋረጠው ወረቀት ነው። 50 ተማሪ ላለበት ክፍል በሳምንት ለአንድ ልጅ ስድስት ወረቀት 300 ወረቀት ይሆናል፤ ለስምንት ክፍል 2,400፣ አምስት ደስጣ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ወረቀቱ ከምግቡ ጋር ይወጣል፤ የተሠራው በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል። የተመለሰው በካርቶን ሦስት ቀን ካደረ በኋላ ነበር የሚታረመው። ዛሬ ስናስበው እጅ መታጠቡ ይበቃ ነበር። ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል የተላከው መጀመሪያ ላይ ከንቱ ሆኖ ነበር፤ ትእዛዙን የሚያነብላቸው ሰው በቤት አልነበረም። ኋላ ትእዛዙ ወጥቶ አንድ የተሠራ ምሳሌ ከላይ ተቀመጠ፤ ቀሪውን መምህሯ በማታው ጥሪ ለልጁ ራሱ ነገረችው።

ይህ ሁሉ የተሠራው ከወላጆች፣ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ከቁምስናው (ከአጥቢያው ቤተክርስቲያን) ምእመናንና ከራሳቸው ከመምህራኑ ኪስ በተዋጣ ገንዘብ ነው። በነሐሴ አለቀ። እኛ ያሟላነው የልጁን ድርሻ ነበር፤ የእናቱንና የታናናሾቹን ድርሻ የያዘው የእናንተ ዝርዝር ነበር። ሁለቱ ተደምረው ነበር አንድ ቤት የሚያቆሙት።

አሁን ትምህርት ቤቶች በየተራ እየተከፈቱ ነው። ተማሪው በፈረቃ ይከፈል፣ ጭምብል ያድርግ፣ ውሃና ሳሙና ይኑር ተብሏል፤ ተስማምተናል። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ አለ፤ ደስ ይለናል፤ ይገባቸዋልም። የእኛዎቹ ግን በአንድ አጥር ግቢ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሥር ከእነሱ ጋር ያድራሉ። ትምህርት ቤቱ አቅቶት ቢዘጋ እነዚሁ ልጆች በማግሥቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ ምገባውም፣ ዩኒፎርሙም፣ ወንበሩም ከእናንተ ይጠየቃል። ሂሳቡን እንዲሠሩት ለእርስዎ ትተነዋል።

የምንጠይቀው አዲስ በጀት አይደለም። የተሰረዙት ስሞች ከማኅደራችን ካሉት የራሳችሁ ደብዳቤዎች ጋር አንድ በአንድ ይመሳከሩና ይመለሱ። የማይመለስ ካለ ምክንያቱ በስሙ ትይዩ ይጻፍ፤ «የግል» የሚለው ምክንያት አይደለም። የጭምብልና የሳሙና እደላ ሲታቀድም ልጅ በአድራሻው እንጂ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው ስም አይቆጠር። ይህም የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ለዘንድሮ ነጻ ተማሪዎች «አቅም የለውም» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ያቁሙ። ሁለቱም ወረቀት እውነት ሊሆን አይችልም።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ኮሚቴ

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለተሰረዙት ቤተሰቦች በሙሉ
ለወረዳው መዝገብ ቤት፣ ከአራቱ ጋር እንዲያያዝ