የሻርጃው ባዶ ስታዲየም ለእኛ ሊግ ማስረጃ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በስፖርት ዓምዳችሁ የወጣ አንድ አስተያየት የሀገራችን ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄዱን ይደግፍና ህንዶችን በምስክርነት ይጠራል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ህንዶች በኮሮናው ዘመን የክሪኬት ሊጋቸውን ጠቅልለው ወደ ዐረብ ኤምሬትስ ወሰዱት፤ ያለ ተመልካች አጫወቱት፤ ገንዘቡም ዝናውም አልቀረባቸውም፤ እንግዲህ የእኛ ክለቦች ከከተማቸው ርቀው ቢጫወቱ ምን ይጎዳል? እኔ የምኖረው እዚያው ኤምሬትስ ውስጥ፣ ሻርጃ ነው። የምሠራበት ጋራዥም ከከተማዋ የክሪኬት ስታዲየም ብዙ አይርቅም። ያ ውድድር ዓይኔ ሥር ያለፈ ስለሆነ ምስክርነቱን ላስተካክል እወዳለሁ።

ክሪኬትን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ረጅሙ ጨዋታ አምስት ቀን ይፈጃል። የህንድ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወተው ግን አጭሩን ነው፤ እያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር ይሰጠዋል፣ አንዱ ኦቨር ደግሞ ስድስት ውርወራ ነው። አንዱ ቡድን አስቀድሞ ይመታል፤ ሌላው ተከትሎ ያስቆጠረውን ነጥብ ለማለፍ ይሞክራል። ኳሷ መሬት ሳትነካ ከሜዳው ወሰን ካለፈች መቺው ስድስት ነጥብ ያገኛል። የቀረው እያዩ የሚለመድ ነው።

እ.ኤ.አ. የ2020ው ውድድር የተጀመረው መስከረም 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን የተጠናቀቀው ኅዳር 1 ቀን ነው። በዚያ መስከረም ህንድ ውስጥ በቀን ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች በቫይረሱ ይያዙ ነበር። ስምንት ቡድኖች በዱባይ፣ በአቡ ዳቢና በሻርጃ 60 ጨዋታ አደረጉ። ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። በቴሌቪዥኑ የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት አስቀድሞ የተቀዳ ነው፤ አንድ ሰው ቁልፍ ሲጫን ይጮኻል፣ ሲለቅ ዝም ይላል። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጆሮዬ አልቀበል ብሎኝ ነበር።

ጨዋታው ግን ጨዋታ ነበር፤ ይህን አልክድም። የመስቀል ዕለት ማታ ሻርጃ ላይ ራጃስታን ከፑንጃብ ተጋጠሙ። ፑንጃብ 223 ነጥብ አስቆጠረ። በሊጉ ታሪክ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ነጥብ ተከትሎ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። አብሮኝ የሚኖረው የሥራ ባልደረባዬ የህንዷ የኬረላ ግዛት ሰው ነው፤ ተስፋውን ሁሉ የጣለው በሀገሩ ልጅ በሳንጁ ሳምሰን ላይ ነበር። እኔ የበዓሉን ቡና አፈላለሁ፣ እሱ ከማያው ላይ ዓይኑን አይነቅልም። ሳምሰን 85 አስቆጥሮ ተራው አብቅቶ ሲወጣ ድምፁን ቀነሰና ራሁል ቴዋቲያ የሚባለውን መቺ ይረግም ጀመር። እርግማኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጁ 23 ውርወራ ገጥሞ ያገኘው 17 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ተንታኞቹም ቡድኑን ገደለው እያሉ ነበር። ሦስት ኦቨር ቀርቶ 51 ነጥብ ሲያስፈልግ የፑንጃቡ ወርዋሪ ዌስት ኢንዲያዊው ሼልደን ኮትሬል ሊወረውር መጣ። ቴዋቲያ የመጀመሪያዎቹን አራት ኳሶች አከታትሎ ከወሰን ውጭ ጣላቸው፣ አምስተኛዋን ሳታት፣ ስድስተኛዋንም ላካት። በአንድ ኦቨር አምስት ጊዜ ስድስት! ባልደረባዬ ስኒውን እንደያዘ ተነሥቶ ቆመ፤ ሲኒውም እስኪቀዘቅዝ ከእጁ አልወረደም። ራጃስታን ሦስት ኳስ ሲቀር አሸነፈ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በየቤታቸው ጮኸዋል። በሜዳው ዙሪያ ግን ለዚያ ልጅ የሚነሣለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ በፊት በአምስት ቀን፣ ቼናይ እዚሁ ሻርጃ ላይ ሲሸነፍ፣ አምበሉ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ በመጨረሻው ኦቨር አንዷን ኳስ ከጣሪያው በላይ አሳልፎ አውራ ጎዳናው ላይ ጣላት። የሻርጃ ስታዲየም ትንሽ ነው፤ ዙሪያው መኪና የሚተራመስበት ነው። ካሜራው ወደ ውጭ ሲዞር አንድ መንገደኛ ኳሷን አንሥቶ ይዟት ሲሄድ አየን። እኔ በበኩሌ የውድድሩን ነገር ሁሉ በዚያ ምስል ነው የማስታውሰው። ህንድ የምታመልከው ተጫዋች ኳስ ሲሰቅል የደረሰው ተመልካች አንድ መንገደኛ ብቻ ነበር፤ እሱም የደረሰው ትኬት ቆርጦ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው። (የፍጻሜው ጨዋታ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ ሙምባይ ዱባይ ላይ ዴልሂን በቀላሉ አሸንፎ አምስተኛ ዋንጫውን ወሰደ።)

ታዲያ እንዴት ሳይከስሩ ቀሩ? መልሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ስታር ኢንዲያ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 ላለው የስርጭት መብት የተስማማበት ዋጋ ከ163 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ነው። ከቻይና ጋር በተፈጠረው የድንበር ውጥረት የተነሣ ዋናው ስፖንሰር፣ የቻይናው ስልክ አምራች ቪቮ፣ ለዚያ ዓመት ሲወጣ፣ ድሪም ኢለቨን የተባለ ኩባንያ በ2.2 ቢሊዮን ሩፒ ገደማ ቦታውን ያዘ። እንዲህ ያለ ገንዘብ ያለው ሊግ የትኬት ገቢ ለአንድ ዓመት ቢቀርበት አይናጋም። የእኛ ክለቦች በየትኛው ካዝናቸው ነው ከእነሱ ጋር የሚነጻጸሩት? ብዙዎቹ ደመወዝ ለመክፈል የከተማ አስተዳደርን ደጅ የሚጠኑ ናቸው።

ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው የዘለሉት ነገር አለ። ህንዶች ሊጋቸውን ሲያወጡ የሚመለሱበትን እያሰቡ ነው የሚያወጡት። እ.ኤ.አ. በ2009 በምርጫ ምክንያት ውድድሩን በሙሉ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወሰዱት፤ በዓመቱ መለሱት። በ2014ም ምርጫ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን 20 ጨዋታዎች ብቻ በኤምሬትስ አድርገው ወደ ሀገር ቤት ገቡ። ከ2020ው ውድድር በኋላም እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ (ኤፕሪል) ላይ ህንድ ውስጥ ጀመሩ። ተጫዋቾች ሲታመሙባቸው ግን በግንቦት (ሜይ) መጀመሪያ አቋርጠው የቀረውን እንደገና ወደዚህ ወደ ኤምሬትስ አመጡት። በ2022 ማጣሪያውን በሙምባይና በፑኔ ሰበሰቡት። በ2023 እያንዳንዱ ቡድን ወደ ሜዳው ተመለሰ። ሲመለሱ ተሳስተዋል፣ ታመዋል፣ ተቋርጠዋል፤ ነገር ግን መሞከራቸውን አልተዉም።

ቼናይን እንውሰድ። በ2020 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ሳይገባ ቀረ። ደጋፊዎቹ ምክንያቱን ከሜዳቸው መራቅ ላይ ሲጥሉ ሰምቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያው ቡድን በዓመቱ ዱባይ ላይ ዋንጫ ስላነሣ ያን ክርክር አልደግፈውም። እኔ የማየው ሌላውን ነው። ቼናይ ከ2019 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜዳው በቼፖክ የተጫወተው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ (ኤፕሪል) 2023 ነበር። ዶኒ ያኔ 41 ዓመቱ ነበር፤ የገባው በመጨረሻው ኦቨር ነው። የገጠሙትን ሁለት ኳሶች አከታትሎ ከወሰን ውጭ ላካቸው፣ በሦስተኛዋ ወጣ። ሦስት ኳስ ብቻ! ስታዲየሙ ግን በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጥቶ ነበር። ሻርጃ ላይ መንገደኛ የወሰደውን ስድስትና ይህን ስድስት የነጥብ ሰሌዳው እኩል ይጽፋቸዋል። ክለብ የሚያኖረው ግን የትኛው እንደሆነ የስፖርት ጸሐፊ አያጣውም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ የእኛ ሊግ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ እየተላለፈ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ያኔ ውሳኔውን ደግፌያለሁ፤ አሁንም ትክክል ነበር እላለሁ። እዚህ ተቀምጠን የሀገራችንን ሊግ በጥሩ ካሜራ ማየት ደስ ይል ነበር። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በዚያ ዓመት 29 ግብ ሲያስቆጥር አብዛኞቹን አይተናል። ዋንጫውን ግን የወሰደው የእኔ ፋሲል ከነማ ነው። ዐፄዎቹ የሊጉ ሻምፒዮን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነበር፤ በዚያ የውድድር ዓመት ግን አንድም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረጉም። ወንድሜ ጎንደር ውስጥ ከስታዲየሙ በእግር በሚደረስበት ቦታ ይኖራል። እኔ ሻርጃ ሆኜ ያየሁትንና እሱ እዚያው ሆኖ ያየውን ብናነጻጽር ልዩነት የለውም፤ ሁለታችንም ያየነው በቴሌቪዥን ነው።

ኮሮና ካለፈ በኋላም ሊጉ ለዓመታት በዚያው አሠራር ቀጠለ። ጦርነት እንደነበር አውቃለሁ፣ የጸጥታው ነገር ቀላል አይደለም። የስታዲየሞቻችን ሁኔታም ሰበብ ብቻ አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በ«ሜዳው» ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የእኔ ቅሬታ ጊዜያዊ የነበረው ነገር ማብቂያ ቀን ሳይቆረጥለት ልማድ መሆኑ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ለልማዱ ከህንድ ማስረጃ ሊመጣለት ነው።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሊጉን የሚመራውን አክሲዮን ማኅበር ጠይቁልን፤ እያንዳንዱ ክለብ በከተማው እንዲጫወት ስታዲየሙ የሚጎድለው ምንድን ነው? መብራት ነው? የመልበሻ ክፍል ነው? የካሜራ ማማ ነው? ሣሩ ነው? ዝርዝሩ በየከተማው ተለይቶ በጋዜጣችሁ ይውጣ፣ ከየአጠገቡም ማን በምን ጊዜ ሊያሟላው እንደተስማማ ይጻፍ። ከጎንደር ብትጀምሩ ደስ ይለኛል፤ አድልዎ ነው ካላችሁ ግን ከፈለጋችሁት ከተማ ጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሻርጃ