ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደውዪለት

ለምወድሽ ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። ስለ ጉልበቷ ሳታማርር ሌላ ወሬ ስትጀምር ነገር እንዳለ ገባኝ። ለፋሲካ ቤቷ ተሰብስባችሁ አንቺና ወንድምሽ አንድ ማዕድ ከብባችሁ አንድ ቃል አልተለዋወጣችሁም። ጨው ሲፈልግ እንኳ ከጎኑ የተቀመጠውን ሕፃን «አቀብይኝ በላት» ብሎ ላከብሽ አሉ።

ለአንድ የምክር ቤት ወንበር ሁለታችሁም የእንግሊዙ ሌበር ፓርቲ እጩ ለመሆን እንደምትወዳደሩ ስሰማ ኮርቼ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ ነበር። ለካስ አንቺ የመሪው ወገን፣ እሱ የግራዎቹ ወገን ሆናችሁ ኖሯል። የቅርንጫፉ አባላት ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ደውዪለት። ታላቄ እሱ ነው፣ እሱ ይደውል አትበዪኝ።

እዚያ አገር የምትኖሩት እናንተ ናችሁ፤ ሬዲዮውን የማዳምጠው ግን እኔ ነኝ። ወንድማማቾቹን ሚሊባንዶች አስቢ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2010 ታላቅየው ዴቪድና ታናሽየው ኤድ ለፓርቲያችሁ መሪነት ተወዳደሩ። ያኔ ድምፁ በሦስት እኩል ይከፈል ነበር፦ ለፓርላማ ተመራጮች፣ ለተራ አባላት፣ ለሠራተኛ ማኅበራት። ሁለቱን ዴቪድ አሸነፈ፤ በማኅበራቱ ግን ኤድ ስለበለጠው 50.65 ለ49.35 ሆኖ ወንበሩ የታናሽየው ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ኤድ በጉባኤው ላይ የኢራቅ ጦርነት ስህተት ነበር ሲል ምክትሉ ሃሪየት ሃርማን አጨበጨበች። ዴቪድ ዞር ብሎ፣ አንቺ ራስሽ ደግፈሽው የለም ወይ፣ ምን ያስጨበጭብሻል አላት፤ ካሜራ ያዘው። በ2013 ፓርላማውን ትቶ ኒውዮርክ ገባ። ኤድም በ2015 ምርጫ ተሸንፎ በማግስቱ ከመሪነቱ ወረደ።

አባታቸው ቀደም ብሎ ሞቷል። እናታቸው ግን ነበረች፤ እኔ ሁልጊዜ የማስበው እሷን ነው። ያን ቀን ማታ የትኛውን ልጇን አስቀድማ አነጋገረች?

ተቀናቃኞቻችሁ ወግ አጥባቂዎቹም የተሻሉ አይደሉም። ሦስት ምርጫ በተከታታይ ያሸነፈችውን ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸርን በ1990 ያወረዷት የራሷ ሰዎች ናቸው። ለመሪነቱ የተፎካከራትን ሄሰልታይንን 204 ለ152 በልጣው ሳለ፣ በመጀመሪያው ዙር ለማለፍ ደንቡ ከሚጠይቀው ብልጫ አራት ድምፅ ጎደላት። ለእሷ እንኳ አላዝንም። ያንቺ ግን ወንድም ነው፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደውዪለት።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ካፖርት ታውቂዋለሽ። ለምን አትለብሰውም ብለሽ ስትጠይቂኝ አልመለስኩልሽም። የእኔና የአጎትሽ ነበር፤ በየተራ ነበር የምንለብሰው። በ1969 ዓ.ም. እሱ በአንዱ ድርጅት፣ እኔ በሌላው ገባን። ሁለታችንም ሶሻሊስት፣ ያነበብነው መጽሐፍ አንድ፤ የተጣላነው ማን ይምራ በሚለው ነው። ሐምሌ ነበር፣ ይዘንባል። ተራው የእሱ ነው። እኔ ካፖርቱን አጥፌ ከፍራሼ ሥር ከትቼ ተኛሁበት። ግድግዳው ላይ ባዶውን ሚስማር አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ምንም ሳይለኝ በሸሚዝ ወጣ። አልተመለሰም።

እናትሽ እንኳ ስለ ፍራሹ አታውቅም።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ እጩ ከሆንሽ በየሰው በር ማንኳኳት አለና ያንን ስስ ጫማሽን እንዳታደርጊ። ቁርስ ሳትበዪም አትውጪ። ስብሰባ ላይ እሱን የሚነካ ነገር ጽፈው አንብቢልን ቢሉሽ ወረቀቱን መልሺላቸው። እነሱ ነገ ወገን ይለውጣሉ። ልጄ፣ ብታሸንፊም ብትሸነፊም ለእኔ ያው ነሽ፤ ሳትደውዪለት ካሸነፍሽ ግን «አሸነፍኩ» ብለሽ እንዳትደውዪልኝ። ተቆጥቼ አይደለም። እሺ፣ ተቆጥቻለሁ።

በርበሬውን ቅዳሜ በሚመጣ ሰው ልኬዋለሁ። ስድስት ኪሎ ነው። እናትሽ የእሱንና ያንቺን ለየብቻ ልትቋጥር ስትል አይሆንም ብዬ በአንድ ከረጢት አደረግሁት። እኩል አድርጋችሁ ተካፈሉ፤ ሚዛኑ ያለው እሱ ቤት ነው።

አባትሽ