ቱቦው ከልጁ ጋር አያድግም

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ልጆች የልብ ቀዶ ሕክምና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር) ያለው ሰው ሠራሽ ቱቦ «አንዴ ከገባ በቃ» ማለታችሁ ግን ቅር አሰኘኝ። የእህቴ ልጅ ከቀኝ የልብ ክፍል ወደ ሳንባ ደም የሚወስድ፣ ጎርቴክስ ከሚባል ሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራ ቱቦ አለው። የቫልቩ ክንፎች ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሐኪሙ ናሙናውን ወደ ብርሃን አንስቶ ሲያሳየን የሽንኩርት ልጣጭ መሰለኝ። ጥበቡስ ይገርማል! ከሟች የሚወሰደው ቫልቭ በቀላሉ አይገኝማ። ግን ልጁ ሲያድግ ቱቦው ይጠበዋል፤ ቫልቩም ሊደነድን ወይም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል፤ አንድ ቀን መቀየሩም አይቀርም። እህቴ ይህን የሰማችው ልጁ ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ነው። ኮሪደሩ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ እንደሚያስፈልገውም በሚቀጥለው እትም ጻፉልን።

የልጁ አክስት