ግቢ ውስጥ ለተሠራ መኪና ሰሌዳ ይሰጠው፤ በፊት ግን ፍሬኑ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

በጋዜጣችሁም በሌሎች መገናኛ ብዙኃንም አንድ ዓይነት ዜና በየጊዜው ይመጣል። አንድ ወጣት ወላጆቹ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የድሮ ዘመን መኪና የሚመስል መኪና ሠርቷል። ጎረቤት ተሰብስቦ ያጨበጭባል። ጋዜጠኛው ስንት ወር እንደፈጀበትና ስንት ብር እንዳወጣ ይጠይቃል፣ እናቱን ያነጋግራል፤ ልጁም «የሚመለከተው አካል ቢደግፈኝ» ብሎ ዜናው ያልቃል። ፍሬኑን እንዴት እንደሠራው የጠየቀ ጋዜጠኛ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። መኪናው ሰሌዳ ያገኝ ይሆን ወይ የሚለውም አይነሣም።

ይህን የምለው ልጆቹን ለማጣጣል አይደለም። ዕድሜዬን መኪና ስጠግንና ጥገና ሳስተምር ነው የጨረስኩት፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ከእህቴ ልጅ ጋር እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹን የስፖርት መኪና የሚመስል ባለሁለት ወንበር እየሠራን ነው። ሥራው ምን ያህል እንደሚያጓጓ፣ ምን ያህልም ሰው ሊገድል እንደሚችል ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

መነሻችን ቮልስ ነው። በዓለም ዙሪያ ቤቱ ውስጥ መኪና የሚሠራ ሰው ቮልስን ለምን እንደሚወድ የነካው መካኒክ ሁሉ ያውቃል። ቦዲው ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ብሎኑ ሲፈታ ቦዲው ተነሥቶ ይወጣና ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ መሪውንና አራቱን ጎማ የያዘው ወለል ብቻውን ይቀራል። በዚያ ላይ የፈለጉትን ማልበስ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ሜየርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ በቮልስ ሞተርና እግር (ጎማዎቹን በሚይዘው ክፍል) ላይ የፋይበርግላስ ቦዲ ሠርቶ ለአሸዋ መንጃ ካወጣ በኋላ፣ የድሮ ኤምጂና ቡጋቲ የስፖርት መኪኖችን የሚመስሉ ቦዲዎች ሳይቀሩ ለቮልስ ወለል ተብለው ይሸጡ ጀመር። ባለ 15 ኢንች ቀጭን ቸርኬውም ለድሮ መልክ ራሱ ይበቃል። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር አያስፈልገውም፤ ስለዚህ እኛ ከፊት የሠራነው የሚያብረቀርቅ የራዲያተር ፊት ለዓይን ብቻ ነው። የእህቴ ልጅ ክዳን ካልገጠምንለት ብሎ ተከራክሮኝ ገጠምንለት። አሁን ጎረቤት በመጣ ቁጥር ውኃው የት እንደሚገባ ማስረዳት የእርሱ ሥራ ሆኗል።

ላሜራ መቀጥቀጡ፣ ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ማጉበጡ፣ ስቱኮና ቀለሙ የሚታየው ሥራ ነው፤ ካሜራም የሚያነሣው እርሱን ነው። ጎበዝ ባትላሜራ (ላሜራ ቀጥቃጭ) ካለ ያ ክፍል ያምራል። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የድሮ መልክ ያለው መኪና ረጅም አፍንጫ ስለሚፈልግ የሹፌሩ መቀመጫ ወደ ኋላ ይሸሻል። መቀመጫው ሲሸሽ የመሪው ዘንግ አይደርስም፤ መርዘም አለበት። ዘንጉን ቆርጦ መሃል ላይ ብረት ቀጥሎ በኤሌክትሮድ በይዶ፣ ብየዳውን በግራይንደር አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ የሚነዳ ሰው አይቻለሁ። ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። በውስጡ ብየዳው ምን ያህል እንደገባ ግን ማንም አያውቅም፤ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ መሪው በእጅ ላይ ዝም ብሎ ይዞራል። ትክክለኛው አሠራር በፋብሪካ የተሠሩ ክሮቸራዎች (ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) ያሉበትን ዘንግ ከሌላ መኪና አምጥቶ መሃሉን በማቀፊያ መደገፍ ነው። ዋጋው ይጨምራል፤ ይጨምር።

ፍሬኑም እንዲሁ። የድሮው ቮልስ የፍሬን ዘይት በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ ነው፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ አይይዝም። ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ማስተር (ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ) ሳይገጥሙ እንጦጦን መውረድ ለእኔ እብደት ነው። የቤንዚን ታንከሩም አለ። ቮልስ ላይ ታንከሩ ከፊት ነው፣ ቦዲው ሲነሣ መቀመጫውን ያጣል፤ እኔ ያየሁት አንዱ በጠፍጣፋ ብረት ታስሮ የሹፌሩ ጉልበት ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ከኋላ ደግሞ ሞተሩን በጠበበ ጭራ የሚሸፍኑት አሉ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አየር ካጣ ይቃጠላል። መጀመሪያ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚሻማው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩም ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ የሚበቃ የአየር መግቢያ እዚህ ላይበቃ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አስተካክሎ የሠራ ሰው ምን ያገኛል? የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያልተመዘገበና ያልተመረመረ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። ትክክል ነው፤ እኔም አልፈልግም። ነገር ግን የእኛ መኪና ሊብሬው ላይ ቮልስዋገን ይላል፤ የሻንሲ (የመኪናው መሠረት) ቁጥሩም ወለሉ ላይ አለ፤ ከላይ የተቀመጠው ግን ቮልስ አይመስልም። ይህን ለማስረዳት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። አንዱ መስኮት «የቅርጽ ለውጥ ነው» አለኝ፣ ሌላው «አዲስ ተሽከርካሪ ነው፣ የፋብሪካ ማስረጃ አምጣ» አለኝ። ሦስተኛው ሣቀና የመኪናውን ፎቶ ስልኩ ላይ እንድልክለት ጠየቀኝ። ልኬለታለሁ፤ ደግ ሰው ነው። መልስ ግን የለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ መልሰውታል። እንግሊዝ አገር በተለየ ሁኔታ ለተለወጠ መኪና ለብዙ ዓመታት ነጥብ ይቆጠር ነበር፤ የመጀመሪያው ሻንሲ 5 ነጥብ፣ የእግሩ ሞላ 2፣ አክሰሉ 2፣ ካምቢዮው 2፣ መሪው 2፣ ሞተሩ 1። የድሮውን ሰሌዳ ይዞ ለመቀጠል ቢያንስ 8 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፣ ሻንሲውም ያልተነካ መሆን ነበረበት። ያላሟላ መኪና ለአንድ ነጠላ መኪና ተብሎ በተዘጋጀ ምርመራ ያልፍ ነበር፤ መርማሪው የመሪውን መገጣጠሚያ፣ የፍሬኑን ኃይል፣ የመቀመጫ ቀበቶውን መታሰሪያ፣ ሹል የወጣ ጠርዝ ሳይቀር ያያል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በየዓመቱ ለ500 ቤት ሠራሽና ቅጂ መኪኖች፣ የጭስ ደረጃቸው በሚመስሉት መኪና ዘመን እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ አላት። ሁለቱም ጋ ሠሪውን የሚቀበል በር አለ፤ በሩ ላይ ደግሞ ጠንካራ መርማሪ ቆሟል።

እኛ ዘንድ ያንን ምርመራ ማድረግ የሚችል ሰው አለ። ተግባረ ዕድን የመሰሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መሣሪያውም መምህሩም አላቸው። ሠሪው ወለሉ ባዶ እያለ፣ ከዚያ ቦዲው ከመልበሱ በፊት፣ በመጨረሻም ቀለም ከተቀባ በኋላ መኪናውን ቢያቀርብ ቀለም ሥር የተደበቀ ብየዳ አይኖርም። ወጪውን ሠሪው ይክፈል። ያለፈው ቦሎ ይለጠፍለት፤ ሊብሬው ላይ «ቤት የተሠራ» ተብሎ ይጻፍ፣ የሚገዛውም ሰው አውቆ ይግዛ። ፍጥነቱ ይወሰን ከተባለም አልከራከርም። ባለ 34 ፈረስ ጉልበት ሞተር ይዘን የት እንደምንሮጥ እኔም አላውቅም።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር አለኝ። ጤነኛ ቮልስ አትቁረጡ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉት አሮጌ መኪኖች ተተኪ የላቸውም። ቦዲው በዝገት የተበላ፣ ወለሉና ሻንሲ ቁጥሩ የዳነ ቮልስ ፈልጉ፤ አለ። ሞተሩ የሞተ ከሆነ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ማዞርን አትፍሩት። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢክላሲክስ ከሚባል ኩባንያ ጋር ሆኖ አሮጌ ቮልስ ላይ 60 ኪሎዋት ሞተር ገጥሞ አሳይቷል። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከባትሪ ደኅንነቱ ጋር ደግሞ ሌላ መርማሪ ይፈልጋል፤ ይህም ለነጠላ መኪና የሚሆን የምርመራ መስመር አሁኑኑ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት ነው።

ለእናንተ ለጋዜጠኞች ደግሞ፦ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ መኪና ልትዘግቡ ስትሄዱ አንድ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። መኪናው በክሪክ ይነሣ፣ መካኒኩ ከሥር ይግባ፣ የመሪውን ዘንግ ፎቶ አንሡና አትሙት። ከዚያ የትራንስፖርት ኃላፊዎችን ጠይቁልን፤ ይህ ልጅ መኪናውን ይዞ በየትኛው መስኮት ይቅረብ?

ጡረተኛ የመኪና ጥገና መምህር
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ