ገሉን አትናቂው

ውድ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ «ቀኑን ሙሉ ገል ማጠብ ሰለቸኝ» ስትዪኝ አንጀቴን በላሽው። የአርኪዮሎጂ ትምህርቱን ገና መጀመርሽ ነው። እኔ ግን ገሉን እንድትንቂው አልፈልግም፤ ለዚህ ነው ስለ አዱሊስ የምጽፍልሽ።

አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበረች። ፍርስራሿ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ዙላ አጠገብ ይገኛል። ባሕሩ ዳር ብትፈልጊያት አታገኚያትም። ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብላ፣ ጎርፍ ያመጣው ደለል ለብሳ ተኝታለች።

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የጻፈ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው አለ። ከአዱሊስ እስከ ኮሎኤ ከተማ 3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም 5 ቀን ያስኬዳል ይላል። የዝሆን ጥርሱ በዚያ መንገድ ይወርድ ነበር። መርከቦቹ ቀድሞ የሚቆሙት ለየብስ በጣም በቀረበ ደሴት ነበር። የአካባቢው ሰዎች በእግራቸው እየተሻገሩ ጥቃት ስላደረሱባቸው ራቅ ወዳለ ደሴት ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ሰዎቹ በዓይነ ኅሊናዬ ይመጡብኛል።

እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የሰፈረው እዚያው ዙላ ነው። ያኔ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆፍረው ካወጡት እብነ በረድ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰዱ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በ1907 ደግሞ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ፓሪቤኒ ሰፋ አድርጎ ቆፈረ።

የአዱሊስን ቤተ ክርስቲያን መሠረት ብታዪው ደረጃ ደረጃ እየሆነ የሚወጣ፣ በአክሱም ወግ የተሠራ ነው። ውስጡን ያስጌጠው እብነ በረድ ግን ቁስጥንጥንያ አጠገብ ካለው ከማርማራ ባሕር ደሴት የመጣ ነው። እዚያው ተጠርቦ፣ መስቀሉ ተቀርጾበት፣ በመርከብ ተጭኖ! የኛ ግንበኞች በራሳቸው ወግ ገንብተው የሰውን ጌጥ አስገቡበት።

አሁን ወደ ገሉ ልምጣ። አዱሊስ ላይ ከሚገኙት ማሰሮዎች ከአይላ፣ ከዛሬዋ የዮርዳኖስ አቃባ የመጡ አሉ። ሾጣጣ ናቸው፤ ሆዳቸው ላይ ጣት የሚቆጥረው ሸንተረር አላቸው። ያው ዓይነት ቀይ ባሕር ላይ ካለው አሳርካ ደሴት አጠገብ ከሰጠመ መርከብ ተገኝቷል፤ አክሱምም ድረስ ወጥቷል። የወርቅ ሳንቲም የንጉሡን ስም ይነግርሻል፤ ሸቀጡ በየት በኩል እንደዞረ ለማወቅ ግን ገሉን መያዝ አለብሽ።

ስለዚህ ስታጥቢ ጠርዙንና እጀታውን ለይተሽ አስቀምጪ፤ የማሰሮው ዓይነት የሚታወቀው በእነሱ ነው። ውስጡን አጥብቀሽ አትፈግፍጊው፤ የያዘው ነገር ቅሪት ሊኖርበት ይችላል። ባርኔጣሽንም አትርሺ። አንዱ እንኳ ከየት እንደመጣ የታወቀ ዕለት፣ ቢመሽም ደውዪልኝ።

እናትሽ