የፓት ፓተርሰን ሙያ በቀበቶ አያልቅም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁ ስለ ሬስሊንግ (የትርኢት ትግል) ተፋላሚው ፓት ፓተርሰን ያወጣው ጽሑፍ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ካወሳ በኋላ «ለነገሩ ሬስሊንግ ድራማ ነው» ብሎ ዘጋው። ድራማነቱን ዛሬ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ድራማው እንዴት እንደሚሠራ ነበር መጻፍ የነበረበት፤ የሰውዬው ትልቁ ሙያ እዚያ ነውና።

የቀበቶው ታሪክም እርማት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያው የኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮን መሆኑ ልክ ነው። «ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ» የሚለው ግን የሬስሊንግ ኩባንያው WWF (የዛሬው WWE) የፈጠረው ወሬ ነው፤ እንዲህ ያለ ውድድር አልተካሄደም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሪንግ (ከመፋለሚያ መድረኩ) ወርዶ የኩባንያው ባለቤት የቪንስ ማክማን ቀኝ እጅ ሆነ። ስም ያተረፈው በግጥሚያ አጨራረስ ነው፦ ማን ያሸንፍ ብቻ ሳይሆን በምን ሰበብ ያሸንፍ፣ ተሸናፊውስ ክብሩ ሳይነካ እንዴት ይውጣ። ሮያል ራምብል የተባለው፣ በመጨረሻ ብቻውን የቀረው የሚያሸንፍበት የብዙዎች ግጥሚያ የእሱ ሐሳብ ነው። ሁለት ሰው ይጀምራል፤ በየሁለት ደቂቃው አንድ ይጨመራል፤ ከላይኛው ገመድ በላይ ተወርውሮ ሁለቱም እግሮቹ መሬት የነኩ ይሰናበታል። ማክማን መጀመሪያ አጣጥሎት ነበር፤ የወደደው የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር ዲክ ኤበርሶል ነው። በጥር 1988 ከካናዳዋ ሃሚልተን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የገቡት 20 ነበሩ እንጂ እንደጻፋችሁት 30 አይደሉም። 30 የሆነው በዓመቱ ነው።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሪንጉ በየጎኑ 6 ሜትር ገደማ ነው። አሥር ግዙፍ ሰው ከታጨቀበት መውደቂያ ይጠፋል፤ ተመልካቹም ማንን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚወጣና ማን እንደሚያወጣው አስቀድሞ ይመደባል፤ መሐል ላይም አንድ ኃይለኛ ገብቶ ሪንጉን እንዲያጸዳ ይደረጋል።

አወጣጡም ሙያ አለው። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ወርዋሪው ሳይሆን ተወርዋሪው ነው። የላይኛውን ገመድ ጨብጦ ይገለበጣል፤ ጭብጡ ፍጥነቱን ይገታለታል፣ በእግሩም ያርፋል። ገመዱን ቀድሞ ከለቀቀ በጀርባው ወይም በአንገቱ ይወድቃል፤ ከሪንጉ ውጭ ያለው ደግሞ በስስ ምንጣፍ የተሸፈነ ጠንካራ ወለል ነው።

በ2005 በአሜሪካዋ ፍሬስኖ ከተማ በተካሄደው ሮያል ራምብል የተበላሸው ይኸው አወጣጥ ነው። አሸናፊ እንዲሆን የታቀደው ተፋላሚው ባቲስታ ነበር፤ መጨረሻ ላይ አብሮት ከቀረው ከጆን ሲና ጋር ተያይዘው እኩል ወደቁ። ዳኞቹ ገሚሶቹ የአንዱን፣ ገሚሶቹ የሌላውን እጅ እያነሱ ይከራከሩ ጀመር። ማክማን ተቆጥቶ እየሮጠ መጣና ወደ ሪንጉ ሲገባ የሁለት ጭኖቹ ጡንቻ ተበጠሰ፤ መቆም ስላቃተው ሸራው ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ሰጠ። ግጥሚያው እንደገና ተጀመረ፣ ባቲስታም አሸነፈ። ብዙ ተመልካች ይህንንም የድራማው ክፍል አድርጎ ነው ያየው።

የሪዮውንና የ20ውን እርማት በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ አንባቢ