እማዬ፣ ስለዚያች 96

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ አዳማ

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ብዙ ነገር ነግሬሽ ነበር፤ ግን ኔትወርኩ እየቆራረጠ ግማሹ አልደረሰሽም። የደረሰሽም ቢሆን ቡና ላይ ሲወራ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሰፈራችንን አውቀዋለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። ማሙሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

የላካችሁልኝን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አየሁት። ፕላትሌት የሚለው መስመር ላይ 96 ይላል፤ አጠገቡ ቁልቁል የምታመለክት ቀስት አለች። እንቅልፍ የነሳችሽ ይህች ቀስት ናት። ቀስቷን ያስቀመጠው ግን ሐኪም አይደለም፤ ማሽኑ ነው። ቁጥሩ ከ150 ካነሰ ማሽኑ ምንም ሳያመዛዝን ቀስት ያደርግበታል። 149 ለወጣለትም፣ 9 ለወጣለትም ያው አንድ ዓይነት ቀስት ነው። ያንቺ 96 ማለት ደግሞ 96 ሺህ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ሚሊ ሊትር ደም አንድ ሺህኛ ውስጥ ብቻ።

ፕላትሌት ሽንኩርት ስትከትፊ ጣትሽን ቢላ ሲነካሽ ቀድሞ ደርሶ ቀዳዳውን የሚደፍነው የደም ክፍል ነው። የሚሠራው አጥንት ውስጥ፣ መቅኔ ላይ ነው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢቆይ ነው። ስለዚህ የሚያንሰው ወይ መቅኔው በበቂ ሳይሠራ ሲቀር፣ ወይ ደም ውስጥ ሳለ ቶሎ ሲያልቅ፣ ወይ ጣፊያ አብጦ ይዞ ሲያስቀረው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ሳያንስ ቆጠራው ይሳሳታል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ጎረቤቶችሽ ደም አንሷታል ብለው ቀይ ሥር እያመላለሱልሽ ነው አሉ። ብይው፣ አይጎዳሽም። ግን ደም አላነሰሽም። ደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢንሽ 13.2 ነው፤ ላንቺ ጥሩ ነው። ነጭ የደም ሴልሽም ልኩ ላይ ነው። ለእኔ ከ96ቷ ይልቅ ትልቁ ወሬ ይሄ ነው። መቅኔ ክፉኛ ሲታመም፣ ያቺ ሴትዮ ሹክ ያለችሽ የደም ካንሰርም ቢሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፕላትሌት ብቻውን አይወርድም፤ ሌሎቹም አብረው ይዛባሉ። እሷ ለቅሶ የደረሰች መስሏት ይሆናል እንጂ ወረቀትሽ ያንን አይልም።

እኔ ሐኪም እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን ላብራቶሪ ውስጥ ስለምውል ከሐኪሙ ክፍል ወዲህ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። ደምሽን የቀዱበት ወይን ጠጅ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ነገር አለ። አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ነገር ፕላትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ሽሮ ሳይማሰል ሲቀር እንደሚጓጉለው። ማሽኑ የተጓጎለውን አንድ አንድ እያለ መቁጠር አይችልም። ወይ ሁሉንም እንደ አንድ ይቆጥረዋል፣ ወይ ጭራሽ ይዘለዋል። ሰውየው ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ግን ዝቅ ይላል።

ሌላም አለ። ያንቺ ደም ሥር እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። አንዱን ክንድሽን ወግተው ሲያቅታቸው ወደ ሌላው መዞራቸውን ነግረሽኛል። ደም እየተንጠባጠበ ሲቀዳ፣ ቲዩቡም ወዲያው ካልተገለባበጠ፣ ውስጡ ትንሽ ትንሽ ይረጋል። የረጋው ፕላትሌቱን ይዞት ይቀራል። ይህን ሁሉ ለማጣራት አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይበቃል፤ ስሚር ይሉታል። ሳያዩልሽ ወረቀት አስይዘው መሸኘታቸው፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አናዶኛል።

ስለዚህ ድጋሚ ስትመረመሪ እንዲህ በያቸው፦ «ልጄ ስሚር ይታይልኝ ብላለች።» ይገባቸዋል። የተጓጎለ ካዩ ሰማያዊ ክዳን ባለው ቲዩብ እንደገና ይቀዱሻል። እሱ ውስጥ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ ስላለ ደሙን ትንሽ ያቀጥነዋል፤ ለዚህ ነው የወጣውን ቁጥር በ1.1 የሚያባዙት።

ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነስ? አዳማ ለሚኖር ሰው እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወባን ነው። ባለፈው ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር ያልሽኝን ለእኔ ብቻ ነግረሽ እንዳትተዪው፤ ለሐኪሙ ንገሪው። ወባ የያዘው ሰው ፕላትሌቱ መውረዱ የተለመደ ነው፤ ሲታከም ብዙውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ከዚያ ውጭ ጉበትሽን፣ ጣፊያሽን፣ ቢ12 የሚባለውን ቫይታሚን ያዩ ይሆናል። ኤችአይቪም እንመርምርሽ ካሉሽ አትቀየሚያቸው። ማንንም ይጠይቃሉ፤ አሮጊት ነሽ ወጣት ነሽ ብለው አይደለም።

አሁን ወደምትጣይኝ ነገር ልምጣ። ለጉልበትሽ የምትውጪው ዲክሎፍናክ ይቅር። ፕላትሌት ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርገዋል፤ ጨጓራሽንም ያቆስላል። ቁጥሩ አንሶ፣ ያለውም ሥራ ፈትቶ አይሆንም። አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም እንደዚያው ናቸው። ሲያምሽ ፓራሲታሞል ውሰጂ፤ እሱንም ከታዘዘልሽ ሳታልፊ። «መርፌው ይሻለኛል» እንደምትዪ አውቃለሁ። መርፌውም ያው ዲክሎፍናክ ነው፤ በዚያ ላይ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያቋጥር ይችላል። የግፊት መድኃኒትሽን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ እሱን የሚነካው ሐኪምሽ ብቻ ነው።

ዋግምት የሚባለውም ይቅር፣ እባክሽ። ሶደሬ ሄደሽ ፍል ውኃው ውስጥ መዘፍዘፉን አልከለክልሽም፤ ስትወጪ እንዳያዳልጥሽ ማሙሽ ክንድሽን ይያዝ። መፋቂያሽንም አልቀማሽም፤ ጫፉን በደንብ አኝከሽ አለስልሺው እንጂ ድድሽን አትውጊበት። የመንጋጋ ጥርስሽን ልትነቀዪ የያዝሽው ቀጠሮ ግን ውጤቱ እስኪጣራ ይቆይ። ሕመሙ አላስችል ካለሽ ወረቀቱን ለጥርስ ሐኪሙ ሳታሳዪ ወንበሩ ላይ እንዳትወጪ። ከ50 ሺህ በላይ ሲሆን ቀዶ ሕክምናም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ግን ማወቅ አለበት።

በ96 ሺህ ደም ከመሬት ተነስቶ አይፈስም። ያለ ምንም ምክንያት መድማት በጣም የሚያሰጋው ከ20 ሺህ በታች፣ በተለይ ከ10 ሺህ በታች ሲሆን ነው። እንዲያም ሆኖ ማታ ስትተኚ እግርሽን እዪ። ቅልጥምሽ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ በጣት ስትጫኛቸው የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች ካየሽ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂጂ። ነስር አልቆም ካለሽ፣ ሰገራሽ እንደ ጠላ አተላ ከጠቆረ፣ ወይም ወድቀሽ ጭንቅላትሽን ከተመታሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። «ሰው አላስቸግርም» የሚባል ነገር የለም።

ለምርመራው ገንዘብ ለማሙሽ በቴሌብር ልኬለታለሁ። የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአገር ባህሉንም ጨምረሽ፣ በአንድ ፌስታል ይዘሽ ሂጂ። አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ዓይንሽን ስትታከሚ የተመረመርሽው የድሮ ወረቀት ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው ያለው። ያኔም ከ150 በታች ከነበረ ነገሩ የቆየ ነው፤ ረጋ ተብሎ ይታያል። ያኔ ደህና ሆኖ አሁን ከወረደ ግን ሐኪሙ ምክንያቱን ቶሎ ይፈልጋል። ዛሬውኑ ፈልጉትና ማሙሽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ።

ልጅሽ